ለእማማ ልብ የሚሆን ኢንሹራንስ

«ሥር የሰደደ ሕመም አለባቸው? ልብ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት?»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ድምፁ እስከ መጨረሻው ስለተከፈተ የሴትዮዋ ጥያቄ ቤቱን ሞላው። ጉንጮ ቀና ብላ አያቷን አየቻቸው። እማማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። አመልካች ጣታቸውን እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ግራና ቀኝ ያወዛውዙታል። የለም። የለም። የለም።

ክፋቱ፣ ከሚወዛወዘው ጣታቸው ሥር የክኒን ሳጥናቸው ተቀምጧል። የጠዋት፣ የቀትርና የማታ እየተባለ የተከፋፈለ፣ ክዳኑ ከብዙ መከፈት የላላ ሳጥን ነው። ጉንጮ ከሳጥኑ ወደ ጣታቸው፣ ከጣታቸው ወደ ስልኩ አየች።

«ሄሎ? እየሰማሽኝ ነው እህቴ?»

«ሄሎ? ሄሎ?» አለች ጉንጮ፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ። «አይሰማም... ኔትወርኩ ነው መሰለኝ... መልሼ እደውላለሁ!»

ዘጋችው። እማማ ጣታቸውን አወረዱ።

«ምነው? ምን ነካሽ? ‹የለባቸውም› ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል?»

«አለብዎት እኮ፣ እማማ።»

«ነበረብኝ። አሁን ደህና ነኝ። እያየሽኝ አይደል? ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ አንቺን እቆጣለሁ። በሽተኛ እንዲህ ይቆጣል?»

ጉንጮ ሳቋን ዋጠች። ጉንጮ ያሏት እማማ ናቸው። ሕፃን ሳለች ጉንጯ ከእሷ ቀድሞ ነበር በር የሚገባው። አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ ጉንጩ ከስቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ቤት ውስጥ ስልክ መደወል፣ ኢንተርኔት መፈለግና ጽሕፈት ማንበብ የእሷ ሥራ ነው። እናቷ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ወደ ቤት ስትመለስ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ አቅም አይኖራትም። እናም የኢንሹራንሱን ጉዳይ «ጉንጮዬ፣ አንቺው ጨርሺልኝ» ብላ ለልጇ አስረክባታለች።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እማማ ውጭ አገር የምትኖር የድሮ ጓደኛቸውን ለማየት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ሊሳፈሩ ነው። ቲኬቱ ተገዝቶ ተልኮላቸዋል። ነገር ግን የሚሄዱበት አገር የጉዞ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ቪዛ አይሰጥም። የመጀመሪያው ድርጅት ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው ጭራሽ እንደማይቀበል ተናገረ። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን ብቻ ሰምቶ የጠራውን ዋጋ እናቷ ስትሰማ በመጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ዝም አለች። ይቺ ሦስተኛዋ ሴትዮ ግን ለጤነኛ አዛውንት የጠራችው ዋጋ የሚቻል ነበር። ለጤነኛ።

«እውነቱን ብንነግራቸውስ?» አለች ጉንጮ።

እማማ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በቀሚሳቸው ጫፍ ይወለውሉት ጀመር። የሚሉትን ሲያመዛዝኑ የሚያደርጉት ነገር ነው።

«እኔ ስለ ልቤ አንዴ እውነቱን ተናግሬ አውቃለሁ» አሉ። «ልጅ ነበርኩ፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ። አንድ ቀን ማሽኑ ላይ እንዳለሁ ዓይኔ ጨለመና ተደፋሁ። የፋብሪካው መኪና የለ፣ አምቡላንስ የለ። ፊት ለፊቴ የምትሰፋው ጓደኛዬ፣ ይቺው ላያት የምሄደው መርፌ ናት አዝላ ክሊኒክ ያደረሰችኝ።»

«በጀርባዋ?»

«በጀርባዋ! እሷ ደግሞ ነፋስ የሚወስዳት ዓይነት ቀጭን ናት፤ መርፌ የተባለችው በከንቱ መሰለሽ? እኔ በጊዜው ወፍራም ነበርኩ። እንዴት እንደቻለችኝ ዛሬም አይገባኝም። ሐኪሙ ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን አትተርፍም ነበር ብሏል አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ድኜ ሥራ ስመለስ አለቃው ጠራኝ። ‹ምን ነበር የሆንሽው?› አለኝ። ልቤን ነው አልኩት። እውነቱን። ‹በይ ሂጂና ዕረፊ› አለኝ።» እማማ መነጽራቸውን አደረጉት። «ይኸው እስካሁን እያረፍኩ ነው።»

ጉንጮ ልትስቅ ነበር፤ የእማማን ፊት አይታ ተወችው።

«አፈርኩ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከሥራ ከወጣሁ በኋላ በፋብሪካው ደጅ ማለፍ አቃተኝ። እንዴት ብዬ መርፌ ፊት እቆማለሁ፣ ሥራ ፈትቼ፣ በሽተኛ ተብዬ? ነገ ዛሬ ስል እሷ ከአገር ወጣች። ነፍሴን ያተረፈችልኝን ሰው አንድ ቀን ‹እግዜር ይስጥልኝ› ሳልላት።»

«አሁን በየሳምንቱ በስልክ እያወራችሁ አይደል?»

«ይሄ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም» አሉ እማማ። ተነሥተው ወደ ጓዳ ሲያመሩ፣ ዞር ሳይሉ «‹የለባቸውም› በያት» አሏት።

*

«ኧረ ይሄ ደግሞ ያስጨንቃል?» አለ ጎግል በማግሥቱ።

ጎግል የክፍል ጓደኛዋ ነው። ስለ ሁሉም ነገር መልስ አለው፤ ግማሹ ልክ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሕንፃ ኋላ፣ ቀለሙ የተላጠው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለሒሳብ ፈተና እያጠኑ ነበር። ማለትም ደብተሩ ተከፍቷል።

«የለም ትያለሽ፣ አለቀ! ልባቸውን ከፍተው አያዩ!»

«እዚያ ሄደው ቢታመሙስ?»

«አይታመሙም።»

«ቢታመሙስ ግን?»

«አንቺ ደግሞ! ሟርተኛ ነሽ እንዴ? ለስንት ጊዜ ነው የሚሄዱት?»

«ለሦስት ወር።»

«ሦስት ወር ምን አላት? በቃ ፍሬንድ፣ አታካብጂ። ሁሉም ሰው እኮ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ጉንጮ ‹ሁሉም ሰው› ማን እንደሆነ ልትጠይቀው አሰበችና ተወችው። እውነቱን ለመናገር መልሱ ደስ ብሏት ነበር። ቀላል ነው። አንድ ቃል ነው። እማማ ይሄዳሉ፣ መርፌን ያቅፋሉ፣ ይመለሳሉ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ተለማመደችው። የለባቸውም። የለባቸውም። ስታልፍ የሰማት ጫማ ጠጋኝ «ምን የለባቸውም?» ብሎ ቀና አለ።

ቤት ስትደርስ እማማ መኝታ ክፍላቸው ነበሩ። የተከፈተው ሻንጣ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ጉዞው ገና ሳምንታት ይቀሩታል፤ እሳቸው ግን በየቀኑ አንድ ነገር ይከቱበታል፣ አንድ ነገር ያወጡበታል። ጉንጮ ሳሎን ቁጭ ብላ ደወለች።

«አቤት!» አለች ሴትዮዋ። «ኔትወርኩ ተመለሰ?»

ከድምፅዋ ፈገግታ ይሰማል። ጉንጮ ፊቷ ጋለ። ኔትወርኩን ሴትዮዋ ለአፍታም አላመነችውም።

«ተመለሰ» አለች።

«እሺ የኔ እናት፤ የት ነበርን? የጤናው ላይ። ሥር የሰደደ ሕመም አለባቸው?»

ቃሉ አፏ ውስጥ ዝግጁ ነበር። ግን ሴትዮዋ «የኔ እናት» ስትላት የሆነ ነገር ሆነች። እማማ እዚያ ማዶ፣ ማንም በማያውቃቸው አገር፣ ዓይናቸው ሲጨልም ታያት። ከሥራቸው የክኒን ሳጥኑ ተበትኖ።

«አለባቸው» አለች። «ልብ። ቫልቭ ተቀይሮላቸዋል። ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ደም ግፊትም አለ።»

ከወዲያ በኩል የኮምፒውተር ቁልፎች ተንጣጡ። ከዚያ ሴትዮዋ ዋጋውን ነገረቻት። ጉንጮ አልሰማሁም ብላ አስደገመቻት። በደንብ ሰምታ ነበር። ቲኬቱን የሚያህል ዋጋ ነው።

ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል እማማ በሩ ላይ ቆመዋል። አንዲት ሹራብ አጣጥፈው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«እማማ፣ እኔ...»

«ልቤን ለሰው የምትሰጪው አንቺ ማን ነሽ?»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ተመልሰው ገቡ። ጉንጮ የሻንጣው ዚፕ ሲዘጋ ሰማች። ከዚያ የሚጎተት ወንበር። ሮጣ ስትገባ እማማ ወንበሩ ላይ ቆመው ሻንጣውን ቁምሳጥኑ ላይ ለመመለስ ይታገላሉ።

«ይውረዱ! እኔ ላድርገው!»

«ተይኝ።»

«እማማ፣ እባክዎ!»

«ተይኝ አልኩሽ! ደህና ነኝ!»

ሻንጣውን ሰቅለው ሲወርዱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን አዩ። የዚያን ዕለት ራት ላይ እናቷ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች፤ እማማ «ምንም፤ መሄዱን ትቼዋለሁ» አሉ። እናቷ ጉንጮን አየቻት። ጉንጮ ምግቧን አየች።

*

የኢንሹራንሱ ቢሮ ከአንድ የሴራሚክ መሸጫ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉንጮ ትምህርት እንዳበቃ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ሄደች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በሚወጡና በሚወርዱ ሰዎች ትከሻ ተጠርጎ እስከ ወገቡ ድረስ አብርቷል።

ሴትዮዋን በድምፅዋ ለየቻት። ወፈር ያለች፣ ጸጉሯ ውስጥ እስክሪብቶ ሰክታ እስክሪብቶ የምትፈልግ ሴት ናት። ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ላይ አሳርፋዋለች።

«እኔ የኔትወርኳ ነኝ» አለች ጉንጮ።

ሴትዮዋ ሳቀችና ወንበር አሳየቻት። «እስክሪብቶው ጸጉርዎ ላይ ነው» አለቻት ጉንጮ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ጉንጮ ያመጣትን ተናገረች። ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ካርቶኑ ላይ ተክላ።

«ትናንት የነገርኩዎትን... መሰረዝ ይቻላል? እንዳልነገርኩዎት ቢሆንና ‹የለባቸውም› ተብሎ ቢጻፍ?»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ልጽፈው እችላለሁ። ዋጋውም ይወርዳል፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ። አያትሽ እዚያ አንድ ነገር ቢሆኑ ግን መጀመሪያ የሚደረገው ምን መሰለሽ? የድሮ የሕክምና መረጃቸው ይጠየቃል። ልባቸው ድሮም ታማሚ እንደነበር ሲታወቅ ድርጅቱ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። በእጃችሁ ያለው ወረቀት ብቻ ይሆናል። የሚያርፉት ማን ዘንድ ነው?»

«ጓደኛቸው ቤት። የጓደኛቸው ልጅ ነው ቲኬቱን የላከው።»

«በይ እንግዲህ። ሆስፒታሉ የሚይዘው ያንን ልጅ ነው።»

ለጉንጮ መርፌ ታየቻት። አይታት አታውቅም፤ ግን ቀጭን፣ ጎንበስ ያለች፣ እማማን ያዘለች ሴት ታየቻት። አሁን ደግሞ ያረጀች። ዳግመኛ ልታዝላቸው ነው።

ዕንባዋ መጣ። ሴትዮዋ መሃረብ ፍለጋ መሳቢያዋን ከፈተች፤ ያገኘችው ኦቾሎኒ ነበር፤ እሱን ሰጠቻት።

«እስቲ ብዪ። አልቅሶ የገዛ ሰው የለም» አለች። «እንደ እኔ ከሆነ ይሄ ጉዳይ መላ አለው። የልብ ሐኪማቸው ‹ላለፉት ስድስት ወራት ሕመማቸው አልተባባሰም፣ መድኃኒታቸው አልተቀየረም› ብሎ ይጽፍላቸዋል? እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲኖር ዋጋው ይቀንሳል። ደግሞ ሦስት ወር ለምን? በዚህ ዕድሜ በእያንዳንዱ ሳምንት ነው የሚጨምረው። አንድ ወር ይበቃቸው ይሆን? እንዲሁም ሻንጣ ቢጠፋ፣ በረራ ቢዘገይ የሚከፈለውን አስወጪው። ሕክምናው ብቻ ይቆይ። ሲታመሙ መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ትንሽ ወጪ ራሳችን እንሸፍናለን በሉ። ትልቁን ድርጅቱ ይይዛል። የምንፈራው ትልቁን አይደል?»

ጉንጮ ኦቾሎኒውን ይዛ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«እንዲህ ከተደረገ ዋጋው ስንት ይሆናል?»

ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ላይ አሰላች። ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«እኛ ጋር አሁንም ይከብዳል። የእኛ ድርጅት ልብ ሲባል ይደነግጣል።» ግራና ቀኝ አየች። በቢሮው ውስጥ ከእነሱ በቀር ያለው አንድ ወጣት ነው፤ እሱም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ወደ ጉንጮ ጎንበስ አለች። «ከአደባባዩ ወዲያ፣ ከፋርማሲው ጎን አንድ ድርጅት አለ። ልብ ያለባቸውን እስከ ሰማንያ ዓመት ይቀበላሉ፤ ደብዳቤ ካለ ደግሞ ዋጋቸው ደህና ነው። እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ፤ አለቃዬ ይገድለኛል።»

«እርስዎ ግን... አይሸጡልንም ማለት ነው?»

«አልሸጥልሽም» አለች ሴትዮዋ፣ እግሯን ጫማዋ ውስጥ እየከተተች። «በይ ሂጂ፤ አያትሽ ይጠብቁሻል።»

*

እማማ አትክልት እየከተፉ ነበር። ጉንጮ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ አንዱ ወር፣ ከፋርማሲው ጎን ስላለው ድርጅት። እማማ ቀና አላሉም፤ ቢላዋው ይወርዳል፣ ይነሣል።

«እማማ፣ ዋሽተን ብንሄድና እዚያ ቢታመሙ የሚከፍለው የመርፌ ልጅ ነው።»

ቢላዋው ቆመ።

«መርፌ ናት እንደገና የምታዝልዎ» አለች ጉንጮ።

እማማ እጃቸውን ታጠቡ፣ በፎጣ አደረቁ፣ ከዚያ መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ሻንጣ ቢጠፋ የሚከፍለውን አስወጪ ያለችሽ እውነቷን ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ሻንጣ ውስጥ ምን አለኝ? ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ። ይጥፋ!»

ጉንጮ ሳቀች፤ ስትስቅ የተጠራቀመው ዕንባ አብሮ ወረደ። እማማ በሁለት እጃቸው ጉንጯን ያዙት።

«ትናንት ክፉ ተናገርኩሽ።»

«ምንም አይደል።»

«ነው እንጂ። ልቤን ማን ይይዘዋል አንቺ ካልያዝሽው? በይ ያንን ስልክ አምጪ፤ ለመርፌ ወሩን ልንገራት።»

መርፌ በስልክ ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ሳቋ የሚፈነዳ ናት። ሦስቱ ወር ወደ አንድ ወር መውረዱን ስትሰማ ሳቋ ተቋረጠ። እማማ ተጨነቁ።

«አንድ ወር?» አለች መርፌ። «ተመስገን! እኔማ ሦስት ወር ሙሉ እንዴት አድርጌ እንደምችልሽ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር!»

እማማ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የልብ ሐኪሙ ደብዳቤውን ለመጻፍ አላመነታም፤ ደማቸውን አስመረመረ፣ ልባቸውን አዳመጠ፣ በኮሪደሩ ላይ እስከ መስኮቱ አራምዶ መለሳቸው። «አሁን ሰዎቹ እንደ እኔ ይመኑዎት» ብሎ ማኅተሙን መታ። ከፋርማሲው ጎን ያለው ድርጅት ደብዳቤውን አይቶ ተቀበላቸው። ዋጋው ርካሽ አልነበረም፤ ግን የሚቻል ነበር። እናቷ የተከፈለበትን ደረሰኝ ስታይ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ «ጉንጮዬ» ብቻ አለች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ጉንጮን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ ራት እስኪቀርብ ድረስ አለቀቀቻትም።

ፈተናውን? ፈተናውን ጉንጮ በደህና አልፋለች። ጎግል ግን ያስጠናችውን ምዕራፍ ብቻ ነው በትክክል የመለሰው፤ ይህንንም በክፍሉ ሁሉ ፊት አምኗል።

ጉዞው ሊደርስ ሲል እማማ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆሙ።

«ውሰጂኝ።»

«ወዴት?»

«ያልሸጠችልኝን ሴት ልያት።»

ጉንጮ የቢሮውን ጠባብ ደረጃ አስታውሳ ልትከለክላቸው ፈለገች፤ በስልክ ማመስገን ይቻላል ልትላቸው። ከዚያ የሚሉትን ቀድማ አወቀችውና ኮቷን አነሣች።

በደረጃው መካከል ሁለቴ አረፉ። ከታች ከሴራሚክ ሱቁ የድንጋይ መቁረጫ ይጮኻል። እማማ ክንዷን ይዘው ሲተነፍሱ «ደህና ነኝ» አላሉም። «ቆይ ልረፍ» አሉ።

ሴትዮዋ ስታያቸው በባዶ እግሯ ተነሣች፤ ደንግጣ ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ጀመር።

«ተዪው፣ ተዪው» አሉ እማማ። «እኔም ፋብሪካ ሳለሁ ከማሽኑ ሥር አወልቅ ነበር።» ሁለት እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ብትሸጪልኝ ገንዘቤን ታገኚ ነበር። ልጅቷን ኦቾሎኒ አብልተሽ ወደ ደጉ መንገድ ላክሻት። እግዜር ይስጥሽ፤ የልጅ አያት ያድርግሽ።»

የጆሮ ማዳመጫ የሰካው ወጣት ማዳመጫውን አውልቆ ያያቸዋል።

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም» አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗ ውኃ እንዳቀረረ። «ልጅቷ ናት እውነቱን የተናገረችው።»

እማማ ዞር ብለው ጉንጮን አዩዋት። ሲወርዱ ክንዷን የያዙበት አያያዝ ከወትሮው ጠበቅ ያለ ነበር፤ ጉንጮም ደረጃው እንዳያልቅ ተመኘች።

*

የአውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ሩቅ፣ ወለሉ እንደ መስታወት የሚያንሸራትት። እናቷ ሻንጣውን ትገፋለች፤ ጉንጮ ፓስፖርቱን፣ ቲኬቱንና የኢንሹራንሱን ወረቀት ደረቷ ላይ ይዛለች። ሰልፉ ሲደርሳቸው ወረቀቶቹን የሚቀበለው ከጉንጮ ብዙም የማይበልጥ የሚመስል ልጅ ነበር። ክራቫቱ በትልቅ ሰው እጅ የታሰረለት ይመስላል።

«ወደ አውሮፕላኑ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው» አለ። እማማን ሳይሆን ጉንጮን እያየ ነበር። «አያትሽ እርዳታ ይፈልጋሉ? የጤና ችግር አለባቸው?»

ጉንጮ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ልብ፣ ቫልቭ፣ ደም ማቅጠኛ፤ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች፤ በዚህ ወር ውስጥ ለስንት ሰው ተናግራዋለች። እማማን አየቻቸው። እማማ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ልጁን ያዩታል።

አፏን ዘጋችው። ወረቀቶቹን በአያቷ እጅ ላይ አኖረችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እኔን ጠይቀኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ እማማ። «ልቤ ታማሚ ናት። ረጅም መንገድ አልችልም። ባለ ጎማውን ወንበር አስመጣልኝ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «የሚገፋኝን ሰው ግን ቀስ በል በለው፤ ሱቆቹን ማየት እፈልጋለሁ።»